የቆዳ ፋቂው ልጅና የኮመጠጠው ጋን
(የሉዊ ፓስተር የሕይወት ታሪክ)

ቆቦ ቆላ ነው። በቆላ አገር ጠላ ቶሎ ይፈላል፤ ቶሎም ይኮመጥጣል። ስለዚህ በራያ ሜዳ ጠላ የምትጠምቅ ሴት ከሁሉ አስቀድማ የምትጨነቀው ስለ ማሽላው ወይም ስለ ጌሾው ሳይሆን ስለ ጋኑ ነው። ጋኑን በውሃ ታለቀልቅና የግራዋ ቅጠል ጨብጣ ውስጡን እስከ ሥሩ ድረስ አጥብቃ ታሸዋለች። አረንጓዴው አረፋ ጠፍቶ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ደጋግማ ታጥባለች፤ በፀሐይ ታደርቃለች፤ በመጨረሻም የወይራ ስንጥር በፍም ላይ አድርጋ ጋኑን በጭሱ ላይ ትደፋዋለች። ጭሱ ውስጡን ሲሞላው ያን ጊዜ ጋኑ ታጠነ ይባላል። ጥንስሱ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት ስለ ሆነ አስቀድሜ ለአንባቢ ልናዘዝ። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ለዕረፍት ወደ ቤት ብመለስ ለአያቴ ተዝካር ጠላ ሊጠመቅ ኖሮ እናቴ ጋን ታጥባለች። እኔም ባክቴሪያ የሚባለውን ቃል አዲስ ተምሬ ስለ ነበረ ግራዋውንና ጭሱን የድሮ ሰው ልማድ ነው ብዬ ናቅሁት። የዱቄት ሳሙና ገዝቼ አንዱን ጋን በገዛ እጄ አጠብሁ፤ እንዳይታጠንም ከለከልሁ። እናቴ ልጄ ተምሯል ብላ ተወችልኝ። የሸክላ ጋን ግን እንደ ብርጭቆ አይደለም፤ ገላው ሁሉ ቀዳዳ ነው፤ የሰጡትን ይጠጣል። ሳሙናውን ጠጥቶ ኖሮ መልሶ ለጠላው ሰጠው። ጠላው ሳሙና ሳሙና ሸተተ፤ የተዝካሩም ቀን ሳይደርስ ኮመጠጠ። እናቴ አንድ ቃል አልተናገረችኝም፤ በጨለማ ነጠላዋን ደርባ ከጎረቤት ጠላ ልትበደር ወጣች። እንግዳ ጠርቶ ጠላ ማጣት በእኛ አገር ምን ማለት እንደ ሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ወደ አዲስ አበባ ከተመለስሁ በኋላ ጋን ለምን ይታጠባል፣ ከታጠበስ በኋላ ለምን ይታጠናል የሚለው ጥያቄ አልለቀቀኝም። መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት የፈረንሳዊውን የሉዊ ፓስተርን ሕይወት ነው። ይህን ሰው ብዙዎቻችን የምናውቀው በእብድ ውሻ በሽታ መድኃኒትና በወተት ነው። ከፊሎቻችንም በጉለሌ በኩል ፓስተር የሚባለውን ሰፈር ስንሰማ አንድ የወንጌል ሰባኪ ይኖርበት የነበረ ይመስለናል። ሰውየው ግን ወደ ሰው በሽታ የደረሰው በወይን በርሜልና በቢራ ጋን በኩል ዞሮ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ፓስተር የተወለደው በ1822 ዓ.ም. ዲሴምበር 27 ቀን በምሥራቅ ፈረንሳይ በዶል ከተማ ነው። አባቱ ዣን ዦዜፍ በናፖሌዎን ጦር ውስጥ ያገለገለ ወታደር ሲሆን ከጦርነቱ በኋላ የሚተዳደረው ቆዳ በመፋቅ ነበረ። በአገራችን ቆዳ ፋቂ ሲሰደብና ከማኅበር ሲገለል የኖረ ባለሙያ መሆኑን ስናስብ፣ ዓለም ሁሉ የሚያመሰግነው ሊቅ ከፋቂ ቤት መውጣቱን ማስታወስ ለእኛ የተለየ ትርጉም አለው። ቤተ ሰቡ በኋላ ወደ አርቧ ሄዶ በወንዝ ዳር ተቀመጠ። አርቧ የወይን አገር ናት። ልጁም በቆዳ ማልፊያ ጉድጓድና በወይን መጥመቂያ መካከል አደገ ማለት ይቻላል። ሁለቱም ነገር የሚበሰብስበትና የሚፈላበት ቦታ ነው።

በትምህርቱ ትጉህ እንጂ እንደ ተአምር የሚታይ ተማሪ አልነበረም። በልጅነቱ የሚደነቀው በሥዕል ችሎታው ሲሆን የእናቱንና የአባቱን መልክ የሣለበት ሥዕል ዛሬም አለ። በ15 ዓመቱ ወደ ፓሪስ ለትምህርት ቢላክ የአገሩ ናፍቆት ጸንቶበት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቆይቶ አባቱ መጥቶ ወሰደው። ከቆቦ ወይም ከሌላ ሩቅ አውራጃ መጥቶ በመጀመሪያው ወር ሻንጣውን ሊያስር የዳዳው ተማሪ ይህን ሲያነብ ትንሽ ሳይጽናና አይቀርም። ኋላም ቤዛንሶን ገብቶ ሲማር በሳይንስ የመጨረሻ ፈተናው በኬሚስትሪ ያገኘው ውጤት መካከለኛ ነበረ። በ1842 ዓ.ም. ለታላቁ የመምህራን ትምህርት ቤት ለኤኮል ኖርማል ተፈትኖ ቢያልፍም ደረጃውን ዝቅተኛ ነው ብሎ አልገባም፤ አንድ ዓመት አጥንቶ እንደ ገና ተፈተነና አራተኛ ወጥቶ ገባ።

የመጀመሪያ ዝናውን ያገኘው በ1848 ዓ.ም. ነው። ከወይን በርሜል ሥር ከሚረጋው አተላ ታርታሪክ አሲድ የሚባል ነገር ይወጣል። ፓስተር ከዚህ ወገን የሆነውን አንድ ጨው በአጉሊ መነጽር እያየ ቅንጣቶቹን አንድ በአንድ በእጁ ሲለያይ፣ እንደ ቀኝና ግራ እጅ የሚመሳሰሉ ግን የማይገጣጠሙ ሁለት ዓይነት መሆናቸውን አገኘ። ዕድሜው 25 ዓመት ነበረ። ነገሩ ለኬሚስቶች ትልቅ ነው፤ እኛ ግን ከእሱ የምንወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኸውም ሌሎች ያላዩትን ለማየት ቁጭ ብሎ ከቅንጣት ቅንጣት የሚለይ ትዕግሥት ያለው ሰው መሆኑን ነው። በዓመቱ በስትራስቡር ሳለ የዩኒቨርሲቲውን አለቃ ልጅ ማሪ ሎራንን አገባ። ይህች ሴት እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ የሚነግራትን ስትጽፍለትና በሥራው ስትረዳው ኖራለች።

በ1854 ዓ.ም. በሰሜን ፈረንሳይ በሊል ከተማ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆኖ ተሾመ። ሊል የፋብሪካ ከተማ ስለ ሆነች መንግሥት ከመምህራኑ የሚጠብቀው ለኢንዱስትሪው የሚጠቅም ትምህርት ነበረ። በ1856 ዓ.ም. የአንዱ ተማሪው አባት የሆነው ቢጎ የሚባል የፋብሪካ ጌታ ወደ እሱ መጣ። ከስኳር ቀይ ሥር አልኮል ሲያወጣ ከጋኖቹ ከፊሉ እየተበላሸ ኮምጣጣ እየሆነ ገንዘቡን አስጨርሶት ኖሯል። ፓስተር ማይክሮስኮፑን ይዞ ወደ ፋብሪካው እየተመላለሰ ከደኅናውና ከተበላሸው ጋን ፈሳሽ እየወሰደ ተመለከተ። በደኅናው ውስጥ ክብ ክብ የሆኑ የእርሾ ፍሬዎች ይታያሉ፤ መበላሸት ሲጀምር ቅርጻቸው ይለወጣል፤ ከእነሱም ሌላ ደቃቅ ቀጫጭን ነገሮች ይበዛሉ።

በዚያ ዘመን ታላላቅ ኬሚስቶች፣ በተለይም ጀርመናዊው ሊቢግ፣ መፍላት ማለት የመበስበስ ዓይነት ነው፣ እርሾውም ሲሞትና ሲፈርስ የሚያደርገው ነገር ነው ይሉ ነበረ። ፓስተር በ1857 ዓ.ም. ወተትን ስለሚያኮመጥጠው አሲድ ባቀረበው ጽሑፍ፣ በ1860 ዓ.ም. ደግሞ ስለ አልኮል በጻፈው ሰፊ ጥናት ይህን ሐሳብ ተቃወመ። መፍላት የሕይወት ሥራ ነው፤ እያንዳንዱም መፍላት የየራሱ ሕያው ሠሪ አለው፤ እርሾው አልኮልን ይሠራል፤ ሌላው ደቃቅ ፍጥረት የወተትን አሲድ ይሠራል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሆምጣጤን ይሠራል ብሎ አስረዳ። ሆምጣጤ የሚሠራውም ያለ አየር እንደማይሠራ አሳየ። እዚህ ላይ ወደ ጋናችን እንመለስ። የጋን አፍ ለምን ተከድኖ በጭቃ ይመረጋል? ጠላ ቀጅ ደጋግማ ስትከፍተው የጋኑ ግማሽ ለምን ይኮመጥጣል? ነገሩ ይኸው ነው። አየር ሲገባ ሆምጣጤ ሠሪው ጮቤ ይረግጣል።

እነዚህ ደቃቅ ፍጥረታት ከየት ይመጣሉ የሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ተነሣ። ከሚበላሸው ነገር በራሳቸው ይፈጠራሉ የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ፓስተር አንገታቸው እንደ ዳክዬ የተቆለመመ የመስተዋት ዕቃዎች አሠርቶ የእርሾ መረቅ አፈላባቸው። አየር በተቆለመመው አንገት ይገባል፤ ትቢያው ግን በመንገድ ይቀራል። መረቁም ወር ከወር ሳይበላሽ ቆየ። አንገቱ ሲሰበር ግን በጥቂት ቀን ሻገተ። በ1860 ዓ.ም. ደግሞ የታሸጉ ዕቃዎች ይዞ ወጣ። በአርቧ ሜዳ 20 ዕቃ ከፍቶ ዘጋ፤ 8 ተበላሹ። በዡራ ተራራ ላይ 20 ከፈተ፤ 5 ተበላሹ። በአልፕስ ተራራ በበረዶው አጠገብ 20 ከፈተ፤ 1 ብቻ ተበላሸ። ጥፋቱ ከአየሩ ሳይሆን አየሩ ተሸክሞት ከሚዞረው ትቢያ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር ማግኘት ያስቸግራል። አቧራ የበዛበት የገበያ ዳር ጠላ ቤት ያላት ሴት ይህን ቁጥር ብትሰማ የምትገረም አይመስለኝም።

በ1863 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ናፖሌዎን ሦስተኛ ወደ ውጭ የሚላከው የፈረንሳይ ወይን ለምን እንደሚበላሽ እንዲመረምር አዘዘው። ፓስተርም ወደ ልጅነት አገሩ ወደ አርቧ ሄዶ ቤተ ሙከራ አቆመ። እያንዳንዱ የወይን በሽታ የራሱ ረቂቅ ተሕዋስ እንዳለው ካየ በኋላ ወይኑን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ለጥቂት ጊዜ ማሞቅ ጣዕሙን ሳያጠፋ እነዚህን እንደሚገድል አገኘ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ዘዴ ይህ ነው፤ የተጀመረውም ለወተት ሳይሆን ለወይን ነበረ። መጽሐፉ በ1866 ዓ.ም. ታተመ።

እነዚህ ዓመታት ግን ለቤተ ሰቡ የኀዘን ዓመታት ነበሩ። የመጀመሪያ ልጁ ዣን በ1859 ዓ.ም. በ9 ዓመቷ በታይፎይድ ሞታ ነበረ። በ1865 ዓ.ም. አባቱ ሞተ፤ በዚያው ዓመት የ2 ዓመት ልጁ ካሚይ ሞተች፤ በ1866 ዓ.ም. ደግሞ ሴሲል በ12 ዓመቷ ያንኑ ታይፎይድ ታማ ሞተች። ታይፎይድ በቆሸሸ ውሃና በቆሸሸ እጅ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ በዚያ ጊዜ ግን ይህ ገና በሰፊው የታወቀ አልነበረም። ከአምስት ልጆቹ ሁለቱ ብቻ ቀሩለት። የእሱን ጽሑፎች የሚያነብ ሰው ስለ ወይንና ስለ ቢራ ሲናገር እንኳ ከበስተጀርባው ሌላ ነገር የሚያሳድድ ይመስለዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ያሳድድ የነበረው እነዚህን ሦስት ሕፃናት የቀሠፈውን ነገር ነው። ይህ ግምቴ ነው፤ ማስረጃ አላቀርብም።

የሐር ትል በሽታ ያጠናባቸውን ከ1865 እስከ 1870 ዓ.ም. ያሉትን ዓመታት በአጭሩ እናልፋቸዋለን። በዚሁ መካከል፣ በ1868 ዓ.ም. ኦክቶበር፣ በ45 ዓመቱ የአንጎል ደም መፍሰስ መትቶት ግራ እጁና ግራ እግሩ ሰለሉ። ከዚያ በኋላ የሠራውን ሁሉ የሠራው በአንድ ጎኑ ነው። የእጅ ሥራውን ረዳቶቹ ሲያደርጉለት እሱ አጠገባቸው ተቀምጦ ያያል፤ ያዛል፤ ይቆጣል።

አሁን ወደ ቢራው ደረስን። በ1870 ዓ.ም. ፈረንሳይና ፕሩሲያ ተዋጉ፤ ፈረንሳይ ተሸነፈች። ብቸኛ ወንድ ልጁ ወታደር ነበረና ፓስተር ሚስቱን ይዞ በበረዶ ውስጥ ከሚሸሸው ጦር መካከል ሊፈልገው ሄደ፤ በሕይወትም አገኘው። የቦን ዩኒቨርሲቲ የሰጠውን የክብር ዲግሪ በቁጣ መለሰ። ጀርመኖች የሚበልጡን በቢራ ነው፤ እንግዲያውስ በቢራ እንበልጣቸዋለን አለና በ1871 ዓ.ም. በክሌርሞን ፌራን አጠገብ በሚገኝ ትንሽ የቢራ ፋብሪካ ምርምር ጀመረ። የሚገርመው ቢራ ብዙም አይወድም ነበረ። ሁለቱን ቢራ ቀምሶ መለየት የሚያቅተው ሰው የቢራን በሽታ ሊያክም ተነሣ።

በዚያው ዓመት ወደ ለንደን ሄዶ ዊትብሬድ የሚባለውን ትልቅ የቢራ ፋብሪካ ጎበኘ። እርሾ አምጡልኝ ብሎ በማይክሮስኮፕ ቢመለከት ከእርሾው ጋራ ቀጫጭን ክሮች ተቀላቅለው አየ። ይህ እርሾ የሚሠራው ቢራ ሳይበላሽባችሁ አይቀርም ቢላቸው ባለሥልጣኖቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ደንበኞች ማማረር ጀምረው ነበርና። ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ ቢመጣ ማይክሮስኮፕ ገዝተው ቆዩት። እዚህ ላይ ሰዎቹን አደንቃለሁ። እንግዳ ሰው በገዛ ቤታቸው ጉድለታቸውን ሲነግራቸው ሳይቆጡ መሣሪያውን መግዛታቸው ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ቢራ የጻፈው መጽሐፍ በ1876 ዓ.ም. ታተመ። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው። ቢራ በራሱ አይታመምም። ሲበላሽ ሁልጊዜ በውስጡ ከእርሾው ሌላ ባዕድ ተሕዋስ ይገኛል። የብቅሉ ውሃ ሲፈላ ንጹሕ ይሆናል፤ ነገር ግን ሲበርድ በሚነካው አየር፣ በሚገለበጥበት ዕቃና በሚጨመርበት እርሾ በኩል ጥፋቱ ይገባል። በዚያን ጊዜ ጠማቂዎች የፈላውን ውሃ በሰፊ ገንዳ ገልጠው ያበርዱት ነበረ። ፓስተር ግን በተዘጋ ዕቃ ውስጥ፣ ተጣርቶ በሚገባ አየር እንዲበርድ የሚያደርግ መሣሪያ ሠራ። ዕቃው ሁሉ በፈላ ውሃ ወይም በእንፋሎት እንዲታጠብ አዘዘ። የባቫሪያ ጠማቂዎች በበረዶ የሚያቀዘቅዙትም ብርድ ባዕዶቹን ስለሚያደክም መሆኑን ገለጠ። ቆቦ ላይ እንግዲህ በረዶ የለም፤ በቆላ ሙቀት የቀረን መከላከያ የዕቃው ንጽሕና ብቻ ነው ማለት ነው።

ስለ ጠላ ግን የፓስተርን መጽሐፍ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። የጠላ ጥንስስ እንደ ቢራ ንጹሕ እርሾ ተመርጦ አይጨመርበትም። እርሾው ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ ገላ ራሱ ይመጣል። ከእርሾው ጋራም ወተትን የሚያኮመጥጡት ዓይነት ባክቴሪያዎች አብረው ይሠራሉ፤ ያን ደስ የሚል ቁምጥና ያለው ጣዕም የሚሰጡትም እነሱ ናቸው። ፓስተር በሽታ የሚለው ነገር በከፊል ለእኛ ጣዕም ነው። የእኛ ጠላት ከኋላ የሚመጣው ሆምጣጤ ሠሪና ካለፈው ጠመቃ በጋኑ ውስጥ የቀረው የአተላ ቅሪት የሚመግበው ሻጋታ ነው። ግራዋ ይህን ቅሪት ይፍቃል። ጭሱ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው። በእንጨት ጭስ ውስጥ ፌኖል ከሚባለው ወገን የሆኑ ብዙ ነገሮች አሉ፤ እነዚህም ተሕዋስያንን ያዳክማሉ፤ ይገድላሉም። ጭስ ደግሞ ውሃና እጅ ወደማይደርሱበት የሸክላ ቀዳዳ ይገባል። ስለዚህ ማጠብና ማጠን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ በሌላው አይተካም። ባልታጠበ ጋን ላይ የወይራ ጭስ ቢያጨሱ አተላው ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይሸፍነዋል። ዛሬ በብዙ ቤት በጋን ፋንታ የፕላስቲክ በርሜል ገብቷል። ፕላስቲክ ለጭስ አይመችም፤ በሻካራ ነገር ሲፍቁትም ጭረቱ ለተሕዋስያን መደበቂያ ይሆናል። እሱን በለስላሳ ጨርቅ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቦ፣ ቆሻሻው ከጠፋ በኋላ በውሃ በቀጠነ በረኪና አለቅልቆ፣ በመጨረሻም ፈልቶ በበረደ ውሃ አጥቦ መድፋት ነው። በረኪናን በቆሻሻ ላይ ማፍሰስ በረኪናውን ማባከን ነው፤ ቆሻሻው ይበላዋልና።

ስለ ፌኖል ካነሣን አይቀር፣ እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ሊስተር የፓስተርን ጽሑፎች አንብቦ ከ1865 ዓ.ም. ጀምሮ ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ማጠብ መጀመሩን ማንሣት ይገባል። ካርቦሊክ አሲድ ማለት ፌኖል ራሱ ነው። ወይን እንዲኮመጥጥ የሚያደርገው ነገር ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ቁስልም የሚያመረቅዘው ከውጭ በሚመጣ ነገር ነው ብሎ አሰበ። በ1874 ዓ.ም. ለፓስተር የምስጋና ደብዳቤ ጻፈለት። እናቶቻችን ጋን የሚያጥኑበት ጭስና ሊስተር ቁስል ያጠበበት መድኃኒት ዘመዳሞች መሆናቸውን ሳውቅ በሳሙናዬ ይበልጥ አፈርሁ።

ከሊስተር በፊት በ1847 ዓ.ም. በቪየና ሴመልቫይስ የሚባል ሐኪም የወላድ ሴቶችን ሞት ለማስቀረት ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አድርጎ ሞቱን እጅግ ቀንሶት ነበረ። ምክንያቱን ግን በማይክሮስኮፕ ሊያሳይ ስላልቻለ ብዙዎች ሳይሰሙት በ1865 ዓ.ም. በአእምሮ ሕሙማን ቤት ሞተ። በ1879 ዓ.ም. በፓሪስ የሕክምና አካዳሚ አንድ ተናጋሪ ስለዚሁ የወላዶች ትኩሳት ሲያስረዳ ፓስተር አቋርጦት ተነሣ። በሽታውን የሚያደርሰው ሐኪሙና ረዳቶቹ ከታመመችው ሴት ወደ ደኅናዋ ሴት የሚወስዱት ተሕዋስ ነው አለና እያነከሰ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ሄዶ እንደ ዶቃ የተሰካኩ ክብ ነገሮች ሣለ። ሐኪም ሳይሆን ኬሚስት መሆኑን በመጥቀስ የሚያንቋሽሹት ነበሩ። እሱ ግን ለቀዶ ሐኪሞች መሣሪያችሁን በእሳት ለብልቡ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ፋሻችሁን በሙቀት አንጹ እያለ ይወተውታቸው ነበረ። የቢራ ጠማቂውን ደንብ ወደ ሆስፒታል አስገባው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉም ስለሚያውቀው አላረዝመውም። የዶሮ ኮሌራን ተሕዋስ አዳክሞ ክትባት አደረገው። በ1881 ዓ.ም. በፑዪ ለ ፎር በሕዝብ ፊት በጎችን በአባ ሰንጋ በሽታ ላይ ከትቦ አዳናቸው። በ1885 ዓ.ም. ጁላይ 6 ቀን እብድ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ ዦዜፍ ማይስተርን መከተብ ጀመረ፤ ልጁም ዳነ። በ1888 ዓ.ም. ከየአገሩ በተዋጣ ገንዘብ የፓስተር ኢንስቲቱት በፓሪስ ተከፈተ። በአገራችንም በዚሁ ስም የተቋቋመው ኢንስቲቱት ነው ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ወደሚባለው ያደገው፤ የሰፈሩም ስም ከዚያ የቀረ ነው።

ሰውየውን መልአክ አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። ቁጡ ነበረ፤ ሲከራከሩት አይታገሥም፤ የሌላውን ድርሻ ለመንገር ይሰስት ነበረ። ለወይን ማሞቂያውና ለቢራው ዘዴ የባለቤትነት መብት አስመዝግቧል፤ በ1873 ዓ.ም. በአሜሪካ ከበሽታ ተሕዋስ ንጹሕ ለሆነ እርሾ ጭምር መብት አግኝቶ ነበረ። ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ የቤተ ሙከራ ደብተሮቹ ለተመራማሪዎች ሲከፈቱ፣ በፑዪ ለ ፎር የተጠቀመበት ክትባት ለሕዝብ ያስረዳው ዓይነት ሳይሆን ረዳቱ ሻምበርላን በኬሚካል ያዘጋጀው መሆኑ ታወቀ። በትምህርቱም ሁሉን አልጨረሰም። በ1883 ዓ.ም. በኮፐንሀገን በካርልስበርግ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ሐንሰን ቢራን የሚያበላሹት ባክቴሪያዎች ብቻ ሳይሆኑ የዱር እርሾዎችም መሆናቸውን አሳይቶ ከአንዲት ፍሬ የተራባ ንጹሕ እርሾ አወጣ። በ1897 ዓ.ም. ደግሞ ቡክነር የሚባለው ጀርመናዊ እርሾን ፈጭቶ ሕይወት በሌለው ጭማቂው ስኳርን አፈላ፤ በዚህም ተሸናፊ የመሰለው ሊቢግ ከፊሉን እውነት ይዞ እንደ ነበረ ታወቀ። ፓስተር ይህን ለማየት አልደረሰም።

በዲሴምበር 1892 ዓ.ም. 70ኛ ዓመቱ በሶርቦን ሲከበር ሊስተር ከእንግሊዝ መጥቶ በሕዝቡ ፊት አቀፈው። ንግግሩን ግን ድምፁ ደክሞ ስለ ነበረ ልጁ አነበበለት። በ1895 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 28 ቀን ከፓሪስ አጠገብ በቪልኔቭ ሌታን ሞተ። አስከሬኑም በኢንስቲቱቱ ምድር ቤት በተሠራለት መቃብር ተቀመጠ።

ከቤተ ሰቡና ከረዳቶቹ የተረፈ አንድ ወሬ አለ። ፓስተር ለምሳ በተጠራበት ቤት ሁሉ ሳህኑንና ብርጭቆውን አንሥቶ በብርሃን ያየዋል፤ በጨርቅ ይወለውለዋል፤ ዳቦውንም እየቆረሰ ውስጡን ይመረምራል። ሰው መጨበጥም አይወድም ነበረ። ባለቤቶቹ ያፍሩ ነበረ ይባላል። እናቴም ጠላ ከመቅዳቷ በፊት ዋንጫውን ገልብጣ ታሸተዋለች፤ ካልጣማት መልሳ ታጥበዋለች።

ሳሙና የጠጣውን ጋን ሁለት ክረምት በግራዋ አሽታ፣ በፀሐይ አስጥታ፣ በወይራ አጥናው ነበረ። ሽታው አልለቀቀም። አሁን ማሽላ ይቀመጥበታል።